አጎዛ የተነጠፈለት ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተሩን የገዛሁት ለሥራ ነው ብዬ ነበር። ሰቆጣ ውስጥ የካርታ ባለሙያ ነኝ፤ ተራራውንና ሸለቆውን ስክሪን ላይ እየበለትኩ የትኛው ተዳፋት እርከን እንደሚሻ አሳያለሁ። ለዚህ ጉልበተኛ ማሽን ያስፈልጋል ብዬ ሚስቴን አሳመንኳት። ለጨዋታ እንደገዛሁት ግን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ ከባሕር ዳር ስመለስ በጋቢ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ጭኔ ላይ ታቅፌው ያየኝ የአውቶቡስ ረዳትም ያውቃል።

እኔ የጎጃም ሰው ነኝ። ወደ ሰቆጣ ያመጣኝ ምደባ ነው፤ ያስቀረኝ ትዳር። ሚስቴ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ሆና ትሠራለች። አባቷ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ከሰቆጣ ኮረም፣ ከሰቆጣ ወልዲያ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ በበጋ ደግሞ ወደ አበርገሌ ቆላ ወርደው ማሽላና ፍየል ጭነው ይወጡ ነበር። አንድ ቀን ከጭነት ላይ ሲወርዱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ዳነ ተባለ እንጂ ግራ እግራቸው ከዚያ በኋላ ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር አልሆነም። መኪናው ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ደጃቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳገቱን የሚወጣውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይለያሉ። ሹፌሩ ማርሹን ያለ ቦታው ሲቀይር ጥርሳቸውን የታመሙ ይመስል ፊታቸው ይጨማደዳል።

እኔና እሳቸው ተጣልተን አናውቅም። የምንጣላበት ነገር ቢኖረን ደስ ባለኝ፤ ቢያንስ እንነጋገር ነበር። እሑድ እሑድ ምሳ ሊበሉ እኛ ቤት ይመጣሉ። ስለ ዝናቡ እጠይቃቸዋለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል ይሉኛል፣ ከዚያ አባትና ልጅ በኽምጣንጋ ሲያወጉ እኔ ጣሪያ አያለሁ። ስንጋባ ለልጃቸው በዚያው በቋንቋቸው አንድ ነገር ብለዋት ነበር፤ ከብዙ ጭቅጨቃዬ በኋላ ተርጉማ ነገረችኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ወፍ ነው፣ ያርፋል እንጂ ጎጆ አይሠራም፣ ዝውውሩ ሲደርሰው ብር ይላል፤ ይህን ነበር ያሉት። ተናደድኩ። ስንቱ ወፍ ከፊታቸው ብር ሲል እንዳዩ ሳስብ ግን ልፈርድባቸው አልቻልኩም።

የጭነት መኪና መንዳት ጨዋታውን የጫንኩት ለራሴ ነበር። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ያገለገለ መሪና ፔዳል አግኝቼ ጠረጴዛው ላይ አሠርኩት። አንድ እሑድ ምሳ እስኪቀርብ ድረስ ተሳቢ ይዤ በፈረንጅ አገር ተራራ እወርድ ነበር። አማቴ ገቡና ምርኩዛቸውን ግድግዳ አስደግፈው ከኋላዬ ቆሙ። ስክሪኑን ብዙ አዩ።

«በከባድ ማርሽ ውረድ እንጂ፤ ፍሬኑን ጨረስከው» አሉኝ።

ከሰላምታና ከዝናብ ውጭ ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያው ነገር ይመስለኛል። ከወንበሩ ተነሥቼ መሪውን ለቀቅኩላቸው። ይሄ የልጅ ነገር ነው ብለው ትንሽ አንገራገሩ፤ አንገራግረው ሲያበቁ ተቀመጡ። ግራ እግራቸው እንዲያርፍ ፍሪሲዮኑን መሪው ላይ ካለች ቁልፍ ጋር አገናኘሁላቸው። አማተቡና ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አሳረፉ፤ ያን ጊዜ ወገባቸው ቀና ሲል አየሁ። የዚያን ቀን ምሳ ቀዝቅዞ ነው የበላነው።

ከዚያ በኋላ እሑድ የመንገድ ቀን ሆነ። አማቴ በየኩርባው ጡሩምባ ይነፋሉ፤ ከወዲያ የፍየል መንጋ ቢመጣስ? በዚያ አገር መንገድ ላይ ፍየልም አህያም እግረኛም እንደሌለ ብነግራቸው ለሰዎቹ አዘኑላቸው። ባዶ ጋቢና ይዞ መሄድ ነውር ነው እያሉ የሚሳፈር ሰው በዓይናቸው ይፈልጉ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ መንገዱን አጥራልኝ፣ ጠጠሩን ልየው አሉኝ፤ የምስሉን ጥራት እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ካርታ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ኒሯቅ መዳረሻ ላይ ጎርፍ ይዟቸው ከተሳፋሪ ጋር በቆሎ እየጠበሱ ያደሩበትን፣ ሰሃላ መንገድ እስከሚያልቅበት ሄደው ጭነቱን ለበቅሎ ያስረከቡበትን ያወጉኛል። ለእኔ፣ በአማርኛ። ደስ ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ማታ ላይ እሑድን መጠበቅ እንደገና ጀመርኩ፤ ከተማሪነቴ ወዲህ እሑድን ጠብቄ አላውቅም።

ለፋሲካ ያረዱትን ሙክት ቆዳ በእጃቸው አልፍተው አጎዛ አደረጉትና ወደ ጰራቅሊጦስ ግድም ይዘውልን መጡ። የደጋ በግ ጸጉር ነው፤ እጅ ሲገባበት ጣት አይታይም። ሚስቴ መርቃ አመስግና አላበቃ አለች። እኔም ልቀበል እጄን ዘረጋሁ፤ አማቴ አልፈውኝ ሄዱ። ኮምፒዩተሩ ከጠረጴዛው ሥር፣ በእበት በተለቀለቀው ወለል ላይ ቆሞ አዩት።

«እንግዳ በመሬት ይቀመጣል?» አሉ።

አንሣው አሉኝና አነሣሁት፤ አጎዛውን ከሥሩ አነጠፉለት። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኔ ከማያውቁኝ አገር መጥቼ፣ ልጃቸውን አግብቼ፣ አንድም ቀን አንጥፉልኝ ሳልል አንድ የብረት ሣጥን ቀደመኝ። ቀናሁ። ሰው በኮምፒዩተር ሊቀና እንደሚችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ያንኑ ሰሞን መንገዱ ሜዳ በዛበት ስላሉኝ፣ አንድ ወዳጄ በፍላሽ የላከልኝን አዲስ የተራራ መንገድ ጨዋታው ላይ ጨምሬ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ አማቴ ያንን ተራራ ወጡ፤ ጫፉ ላይ አረፍ ብለው መውረድ ጀመሩ። ቁልቁለቱ መሐል ላይ ስክሪኑ ድርግም አለ። ኮምፒዩተሩም ማንም ሳይነካው ጠፋ። አስነሥቼ እንደገና ሰጠኋቸው፤ እንደገና ቁልቁለቱ ላይ ጠፋ። አማቴ እጃቸውን ከመሪው ላይ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ሌላው ጨዋታ ሁሉ ይሠራል። ኳሱን ስጫወት ውዬ ምንም አይለኝም፣ ቼዙም ደህና ነው፣ የመሥሪያ ቤቱም ካርታ ሳይደናቀፍ ይከፈታል። የሚጠፋው በአንዱ ጨዋታ ብቻ ከሆነ ሕመሙ የጨዋታው ነው ብዬ ደመደምኩ። የጨመርኩትን አዲስ መንገድ አወጣሁት፤ በድሮውም ተራራ ላይ ጠፋ፤ መለስኩት። ጨዋታውን ከሥሩ ነቅዬ እንደገና ጫንኩት፤ ጠፋ። ኢንተርኔት ሲመጣ እየተሻማሁ የግራፊክስ ካርዱን ሶፍትዌር አደስኩ። የመብራቱ መዋዠቅ ነው ብዬ ስታቢላይዘር አስገባሁ። ምስሉን ባደበዝዘው ጥቂት ይታገስና ያው ይጠፋል፤ ሲደበዝዝ ደግሞ አማቴ መንገዱን አያዩም። የሣጥኑን ጎን ፈትቼ በብስክሌት መንፊያ አቧራውን አራገፍኩ። ከላይ አየሁት፣ ከጎን አየሁት፣ ከኋላ አየሁት። ከሥሩ ለማየት ምን ምክንያት ነበረኝ? ከሥሩ የነበረው ክብር ነው።

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ጠረጴዛ እደበድባለሁ፣ ለኮምፒዩተር በጎጃምኛ እረግማለሁ። ሚስቴ ሰውም ማሽንም በዱላ አይድንም እያለች ትስቃለች። ሳቋን ያቆመችው አባቷ ያቺን ቃል የተናገሩ ቀን ነው። ኮምፒዩተሩ እንደ ልማዱ ቁልቁለት ላይ ጠፋ። እኔ ገመድ ልነካካ ስጎነበስ፣ ተወው አሉኝ።

«እጄ ነው። ሜዳ ላይ ደህና እነዳለሁ፤ ቁልቁለት ስይዝ ነው የሚሞትብኝ። መኪና እጄን ጠልቷል» አሉ።

እኔም ስነዳው እንደሚጠፋ ማልኩላቸው። ሊያጽናናኝ ነው ብለው ፈገግ አሉና ምርኩዛቸውን ያዙ። በሚቀጥለው እሑድ እግሬን አሞኛል አሉ። ክረምቱ ገባ፣ ጭቃ ሆነ፤ ምክንያት ተገኘላቸው።

ሚስቴ ግን በየጊዜው እየሄደች ታያቸዋለች፤ የምታመጣው ወሬ ልብ የሚሰብር ሆነ። ደጃቸው ካለው ድንጋይ ላይ መቀመጥ ትተዋል። ከቤት ውስጥ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ነው የሚውሉት። መኪና ሲያልፍ የማን እንደሆነ ብትጠይቃቸው አላወቅኩትም አሏት። እንዴት አያውቁትም? ዕድሜ ልካቸውን ሌላ ነገር ባያውቁ እሱን ያውቃሉ። ዳሌያቸው ሲሰበር ያልሰበራቸውን ነገር የእኔ ጨዋታ ሰበረባቸው ብዬ አዘንኩ። እሑድ ምሳዬን ባዶውን ወንበር እያየሁ ነበር የምበላው። ያ ጨዋታ ካልተስተካከለ አማቴን እንደገና እንደማላገኛቸው፣ እሳቸውም ራሳቸውን እንደማያገኙ ገባኝ። መፍትሔው ግን አልገባኝም።

ለዘመን መለወጫ ሚስቴ ቤቱን ልትለቀልቅ ተነሣች። ዕቃ ሁሉ ወደ ግቢ ወጣ። ኮምፒዩተሩን በረንዳው ላይ ካለው የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩት፤ አጎዛውን አጥር ላይ አሰጣችው። ወለሉ እስኪደርቅ መግባት የለም ተባልኩ። ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ የመብራት ገመድ በመስኮት አውጥቼ ያንን የተረገመ ጨዋታ ከፈትኩት። ተራራውን ወጣሁ። ቁልቁለቱን ያዝኩ። ይጠፋል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅኩ፤ ወረድኩ። ተመልሼ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ወለሉ ደርቆ ሚስቴ እስክትጠራኝ ድረስ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ። ዳነ ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት የታመመ ሰው ያለን መስሏት እንኳን ደስ አላችሁ አለች።

ዕቃው ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ኮምፒዩተሩም ፀሐይ የጠገበው አጎዛው ላይ ተቀመጠ። ሚስቴን ነይ እዪ ብዬ ከጎኔ አስቀምጬ ተራራውን ወጣሁ፤ ቁልቁለቱ መሐል ላይ ድርግም። እንዴት እንደተናደድኩ አልናገርም። ገመዱን ልነቅል ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ስገባ እጄ ከሣጥኑ ሥር ጸጉሩ ውስጥ ገባ። ዶሮ አሁን የተነሣችበት ጎጆ ይመስል ትኩስ ነበር።

ተንበርክኬ ቀረሁ። ሣጥኑን አጋድሜ ሆዱን አየሁት። ለማሽኑ ሁሉ መብራት የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ታች ነው፤ የሚስበውም አየር በወንፊት በተሸፈነች ቀዳዳ ከሥሩ ነው የሚገባው። ሣጥኑ አጎዛው ላይ ሲቀመጥ ወንፊቷ በበግ ጸጉር ትደፈናለች። ኳሱና ቼዙ ቀላል ሸክም ስለሆኑ እየታፈነም ይሸከማቸዋል። የጭነት መኪናው ጨዋታ፣ ያውም እኔ አማቴ ጠጠሩን እንዲያዩ ብዬ ጥራቱን ሰማይ ያደረስኩት፣ ማሽኑን እስከ ጉልበቱ ልክ ያሠራዋል። ተራራውና ዛፉ ቁልቁለቱ ላይ ሲበዛ እሳቱ ይበዛል፤ ከመቃጠል መጥፋት ይሻላል ብሎ ይጠፋል። አጎዛውን አውጥቼ ሞከርኩ፤ ሠራ። መልሼ አነጠፍኩ፤ ጠፋ። ሳቄ መጣ።

ሚስቴ ግን አልሳቀችም። «ማን እንዳነጠፈው አስበሃል?» አለችኝ።

ሳቄ ቆመ። እሷ ነገሩ በዝምታ ይለፍ ባይ ነበረች። አጎዛውን አልጋ ላይ እናድርገው፣ ተሠራ በላቸው፣ ይምጡ፤ ሽማግሌ ሰው በገዛ እጁ ያመጣው ስጦታ አጠፋ ተብሎ አይነገረውም አለች። ልክ ነበረች። ግን ምክንያቱን ካልነገርኳቸው እጄ ነው ያሉት ነገር ልባቸው ውስጥ እንደተቀመጠ ይቀራል። ዛሬ ዳነ ብላቸው ነገ ደግሞ በእጄ ይታመማል ብለው መሪውን በፍርሃት ነው የሚይዙት። ብነግራቸው ስጦታቸውን አዋርዳለሁ፣ ባልነግራቸው እጃቸውን። አጎዛውን ይዤ ሄጄ ላሳያቸው አልኩ፤ ሚስቴ አጎዛ ይዞ መሄድ መለስኩልዎ ማለት ነው ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። እውነቷን ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ከበዓሉ በኋላ በነበረው እሑድ ባዶ እጄን ሄድኩ። አማቴ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀምጠው ነበር። እንኳን አደረስዎ አልኳቸው፤ ስለ ዝናቡ ጠየቅኳቸው። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ለስለስ ያለ ንግግር ነበረኝ፤ እሱን ትቼ በቀጥታ ገባሁበት።

«አባባ፣ የሚያጠፋውን ነገር አገኘሁት» አልኩ።

«እጄ ነው ብየህ የለ?»

«እጅዎ አይደለም። አጎዛው ነው።»

ወደ እኔ ዞረው ተቀመጡ። እኔም ስለ ቀዳዳዋ፣ ስለ ጸጉሩ፣ ስለ ሙቀቱ እየተቻኮልኩ ነገርኳቸው። በረንዳ ላይ ስወጣ ስወርድ መዋሌንም አልደበቅኩም።

«ንፋሱን ከታች ነው የሚስበው?»

«ከታች ነው።»

«ያነጠፍሁትስ እኔ አይዶለሁም?»

«እርስዎ ለክብር ነው ያነጠፉት፣ አባባ። አፍንጫው የት እንዳለ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ተቆጡ ብዬ መሬት መሬት አየሁ። ቀና ስል ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ይስቁ ነበር። በወጣትነታቸው አንድ ብርዳም ጧት ራዲያተሩን ጆንያ አልብሰውት፣ ረስተውት እንደተሸፈነ ዳገት እንደወጡበት ነገሩኝ። ሞተሩ ፈልቶ ተሳፋሪው በሙሉ ወንዝ ወርዶ ውኃ ሲቀዳ ዋለ። ያኔም ለመኪናው አዝኜ ነው፣ ይበርደዋል ብዬ ነው አሉ። ሳቃቸው ሲያልቅ ሁለት እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው መዳፋቸውን አዩት።

«እንግዲያ እጄ አይዶለማ» አሉ።

«አይደለም።»

እንባዬ መጣ፤ ጢስ ነው እንዳልል ጢስ አልነበረም። እሳቸው አላዩኝም። ምርኩዜን አቀብለኝ አሉና ተነሡ።

ቤት ስንደርስ ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ አንዴ የእኔን ፊት አንዴ የእሳቸውን አየች፤ ደህና መሆናችን ሲገባት ወደ ውስጥ ገባች። አማቴ ሁለት ቁራጭ እንጨት አስመጥተው ሣጥኑን እንደ ቆመ መኪና ታኮ አደረጉለት። መዳፋቸውን ከሥሩ አስገብተው ንፋሱ ሲሳብ ዳሰሱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎዛው ታጥፎ ጥግ ላይ ነበር። አነሡት። ለራሳቸው ወንበር ያነጥፉታል ብዬ ወንበሩን ሳብ አደረግኩላቸው፤ አልፈውኝ ሄደው ከጎኑ ያለችው በርጩማ ላይ ዘረጉት።

«ረዳት ቆሞ አይሄድም። ተቀመጥ፤ ቁልቁለቱ ረጅም ነው» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ለካ እንዲህ ይሞቃል። እሳቸው አማትበው ሞተሩን አስነሡ፤ ተራራውን ወጣን፤ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ያዝነው። ሁልጊዜ የሚጠፋበት ቦታ ደረስን። አለፍነው። ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ለልጃቸው በኽምጣንጋ አንድ ነገር አሏት፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ምን አሉ ብዬ ያዝኳት። አልነግርህም ብላ ትንሽ አስጨነቀችኝ፤ ከዚያ ነገረችኝ።

«ወፉ ጎጆ ገባ ይላል» አለች።

የሚቀጥለው ኩርባ በስተግራ ነው፣ አባባ፣ አልኳቸው። ጡሩምባውን ነፉ።